አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፣ አምስት

ጥቅምት 4

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ ጤናህን መጽሔቱ ላይ በወጣው ፎቶግራፍህ አይቼዋለሁ። ጉንጭህ ሞልቷል፣ አንገትህ የለም። እኔ ደኅና ነኝ፣ አባባም ደኅና ናቸው። ሰላምታው ይኸው ነው፤ ዛሬ ከዚህ የሚያልፍ የለኝም።

ማክሰኞ ዕለት ፀጉር ቤቴ ሞልቶ ነበር። አንዷ ደንበኛዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ መጽሔት ታነባለች። ካስክ ሥር ያለ ሰው ራሱን ስለማይሰማ ይጮኻል፤ ድምፁ ከቤቱ አልፎ ለመንገደኛም ይተርፋል። «ይቺን ስሙልኝማ» አለችና ያንተን ጽሑፍ ከርዕሱ ጀምራ ታንበለብለው ጀመር። «ከልቤ ያልወጣ የፊልም ትዕይንት» ትላለች። መጀመሪያ ኩራት ኩራት አለኝ። ወንድሜ እኮ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ፊልም አጫዋቹ ጋ ደረሰች።

የጻፍከውን ረስተኸው እንደሆነ ልገልብጥልህ፦ «ፊልሙ አምስት ጥቅል ነበር። እናትየዋ በሦስተኛው ጥቅል ከመንገድ ትመለሳለች፣ በአራተኛው ትሞታለች። ፊልም አጫዋቹ ሰክሮ አራተኛውን ከሦስተኛው አስቀደመው። ሞታ የተለቀሰላት ሴት በሩን ከፍታ ገባች፤ ቢጫ ካፖርቷን ምስማር ላይ ሰቀለች፤ ተቀምጣም ለልጆቿ ብርቱካን ላጠች። ሕዝቡ ጮኸ። ሰውየውን መድረክ ላይ አወጡት፤ ይሸት ነበር። እሱም ሰካራም ሁሉ እንደሚለው ‹አልሰከርኩም! አልሰከርኩም!› ይል ነበር። ያ ሰው አባቴ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የድሮውን የሚያውቁ ሁለት ሴትዮዎች ብቻ አልሳቁም፤ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ የት እንደቆምኩ ታውቃለህ። እማዬ የሲኒማ አዳራሹን ትኬት ትቆርጥበት በነበረችው ክፍል ውስጥ ነው የቆምኩት። ፀጉር የምሠራው በሷ መስኮት በሚገባው ብርሃን ነው።

አባባ ከመቼ ወዲህ ነው «እሱ» የሆኑት? የሰከሩትስ መቼ ነው? እናታችንን በቀበርን በአምስተኛው ቀን ሥራ ገቡ። ባለ አዳራሹ ካልገባህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ስላላቸው ገቡ። እኛን የሚይዝልን ሰው ስላልነበረ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠውን ወደ ማሽን ክፍላቸው ወጡ። አንተ ይህን ሁሉ ዘለህ ሽታውን ጻፍክ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ምሳሩን ልጅ ይዞ ሲመጣ ግን ያየሁት ገና አሁን ነው።

ከታች በጥቃቅን ፊደል «በቅርቡ ከሚወጣው መጽሐፍ የተወሰደ» ይላል። መጽሔቱ ያለፈ ነው፤ ነገ ጫማ ይጠቀለልበታል። መጽሐፍ ግን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ የሰው ልጅ ልጅ ያነበዋል። ከመጽሐፉ አውጣው። ልመና አይደለም።

አባባ አልሰሙም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ይህን አላነብላቸውም። አትደውልልኝ። በስልክ አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ ደግሞ እሸነፋለሁ።

እታለምህ


ጥቅምት 22

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ አነበብኩት። አትደውል ብትይም አራት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳሽም፤ እንግዲህ እጽፋለሁ።

ይቅርታ። በደንበኞችሽ ፊት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሁኔታ መስማትሽ አንጀቴን በልቶኛል። አስቀድሜ ልልክልሽ ይገባ ነበር፤ እንደምትቆጪ ስለማውቅ ፈራሁ። ስለጻፍኩት ነገር ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

ከደብዳቤሽ ቀጥሎ ማክሰኞ በደረሰችኝ አጭር ወረቀትሽ «የሰባት ዓመት ልጅ ምን አይቶ ያውቃል?» ብለሻል። ልንገርሽ ምን እንዳየ። አባባን ከላይ ሲያወርዷቸው ግድግዳውን ይዘው አየሁ። ዓይናቸው ደም ለብሶ አየሁ። የብርቱካን ልጣጭ ደረታቸው ላይ ሲያርፍ አየሁ። ባለ አዳራሹ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ «ሰክሮ ነው፣ ይቅር በሉት» ሲል ሰማሁ። ወደ ቤት ስንሄድ ሲያቅፉኝ አፍንጫዬን የሰነፈጠኝ ሽታ እስካሁን አለ። ከዚያ ትምህርት ቤት ስገባ ስሜ ተቀየረ። አንቺ ወደ ከፍተኛው ክፍል ስላለፍሽ አልሰማሽም ይሆናል፤ እኔ እስክወጣ ድረስ «አራት ሦስት» ነበርኩ። መምህሩ እንኳ አንዴ አምልጦት ጠርቶኛል።

አባባ ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካቸውን ወፍጮ ቤት ሲሠሩ አንድ ቀን አፋቸውን ከፍተው «ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር» አላሉኝም። ደግሞ አስቢው። ስህተት ቢሆን አንድ ቀን ነው። እሳቸው ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ስድስት ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ የአሥር ሰዓት ትርኢት ላይ አራትን ከሦስት አስቀድመዋል። ስድስት ቀን በጤናው የሚሳሳት ሰው አለ? ካለ ማስረጃ አምጪ፣ እኔም አወጣዋለሁ።

ያን ትዕይንት ከሁሉ አብልጬ እወዳለሁ ያልኩት የውሸት አይደለም። ፊልም አስተምራለሁ፤ ሥራዬ ማየት ነው። በአንድ ሌላ ፊልም ባዶ ባቡር ጣቢያ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ሦስት ጊዜ የሚያስር ሽማግሌ አለ፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ከቤት የወጣሁበት ጠዋት ይመጣብኛል፤ አባባ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አስረው ሦስት ጊዜ ፈትተውት ነበር። ያች ባለ ካፖርት በር ከፍታ ስትገባ የሚሰማኝን የመሰለ ግን አንድም የለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የቀለድኩበት።

አባባን ሳሚልኝ። ጽሑፉን አታንብቢላቸው።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ወንድምዓለም፣

ማስረጃ አምጪ አልክ፤ እንግዲያውስ ወገብህን ታጥቀህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ሽታውን እንጨርስ። ሐሙስ ዕለት አንዲት ልጅ የጥፍር ቀለሟን ልታስለቅቅ መጣች። ጠርሙሱን ከፈትኩት። አባባ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አፍንጫቸውን ቀና አደረጉና «ማጣበቂያውን ማነው የከፈተው? ሳይደርቅ ክደኑት» አሉ። እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየሁት። የፊልም ማጣበቂያ ማለታቸው ነው፤ ፊልም ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ፍቀው የሚያያይዙበት። ያ ፊልም አሮጌ ነበር፣ በአንድ ትርኢት አምስት ስድስት ጊዜ ይበጠስ ነበር፤ ይህን አንተም እዚያው ጽሑፍህ ላይ ጽፈኸዋል። በዚያች መስኮት የለሽ ክፍል ውስጥ ጠርሙሱ ላይ ተደፍቶ የዋለ ሰው ዓይኑ ይቀላል፣ ራሱ ይዞራል፣ ግድግዳ ይይዛል። አባባ የሸተቱት ሥራቸውን ነው። ማታ ማታ እኔም እንደዚያው እሸታለሁ፤ እስካሁን ሰካራም ያለኝ የለም።

ሁለተኛ። አዳራሹ ዛሬ የባዶ ጠርሙስ ማከማቻ ነው፤ የባለ አዳራሹ ልጅ ነው የሚያከራየው። ዘበኛውን ለምኜ፣ ከሣጥን ሣጥን እየዘለልኩ፣ ወደ ማሽን ክፍሉ ወጣሁ። ጫማዬ ተረከዙን ጥሎ ቀርቷል። ሁለቱ ማሽኖች አሉ፣ ሸረሪት ለብሰው። ፊልም አጫዋች ደብተር አልነበረውም፤ ግድግዳ ነበር ደብተሩ። ከማሽኑ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ ቀኑን፣ የጥቅሎቹን ተራ፣ የተበጠሰበትን ቦታ ይጽፋል፤ በማግስቱ የሚገባው ሰው አይቶ እንዲያውቅ። አባባ ልጅ ሆነን ሲያሳዩን «ይሄ ግድግዳ ከኔ በላይ ያስታውሳል» ይሉ ነበር፣ ታስታውሳለህ?

ያ ሳምንት አለ። ፎቶ አንስቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት መስመር፣ ሁሉም «1፣ 2፣ 4፣ 3፣ 5» ይላል። ሰኞ ጎን አንዲት ቃል ነበረች፤ እርጥበት በልቷታል መሰለኝ አትነበብም። ሌላው ግን እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ሰካራም እንዲህ አድርጎ ይጽፋል? ተሳስቶ ያጫወተስ ሰው ስህተቱን በቁጥር አስተካክሎ ስድስት ጊዜ ይመዘግባል? ሆን ብለው ነው። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ሆን ብለው ነው፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥን ሁለት ልጆች ሌላ እናት ደግሞ ሞታ ስትቀር እንዳናይ።

አንተ የምትወደውን ትዕይንት ከነገርከኝ እኔም የኔን ልንገርህ። ድልድይ ላይ ሻንጣዋን ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት አለች። ወታደሮቹ ተነሺ ይሏታል፣ ይጮኹባታል፣ መኪናው ጥሩንባ ይነፋል። እሷ እቴ። ያንን ከእማዬ ጋር ነው ያየሁት፤ የትኬት መስኮቷን ዘግታ አሥር ደቂቃ ለማየት የገባችበት ቀን ነው። ስንወጣ እጄን ጨብጣ «መቀመጥ ማለት እንዲህ ነው» አለችኝ። እኔም ተቀምጫለሁ፣ ወንድሜ። ምዕራፉ ከመጽሐፉ እስኪወጣ አልነሳም።

እታለምህ


ታኅሣሥ 1

እታለም፣

ፎቶው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሥራ አላሠራኝም። ጽሕፈታቸውን አወቅኩት፤ ሁለቷ ቁጥር አንገቷን ሰበር የምታደርገው ነገር አላት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ገዝቼ ከፈትኩ። ሻጯ ለማን ነው ስትለኝ ለኔ አልኳት። ከፈትኩት፣ አሸተትኩት፣ ከዚያ መስኮቱን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ሽታው ያ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ግን አንቺም ጠበቃ እንጂ ዳኛ አይደለሽም። ሆን ብለው አደረጉት ካልሽ፣ ለኛ ብለው ካልሽ፣ ለምን ዝም አሉ? ልጅ ሆኜ «አራት ሦስት» እየተባልኩ ከትምህርት ቤት ስመጣ እያዩ፣ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ? ይህን ከሳቸው አፍ ካልሰማሁ የግድግዳ ቁጥር ብቻውን አያሳምነኝም። ጠይቂያቸው። ጽሑፉን ሳታነሺ መጠየቅ አታጪም፤ አንቺ ከድንጋይ ወሬ የምታወጪ ሰው ነሽ።

የደበቅኩሽን ልናገር። መጽሐፉ ጥር ሃያ ማተሚያ ቤት ይገባል። አርታኢዬን ምዕራፉን ላውጣው ብዬ ጠየቅኩት፤ ሰካራሙ ከወጣ መጽሐፉ ሳቅ የለውም አለኝ። «ሰካራም» የሚለውን «ሐዘንተኛ» በሚል እንቀይረው አልኩት፤ እሱን አስብበታለሁ አለ። ይህም ያንሳል ትያለሽ፣ አውቃለሁ። ደግሞ ሌላ አለ። የመጽሐፉ ስም ተመርጧል፣ ሽፋኑም ተሠርቷል። ስሙ «አልሰከርኩም» ነው። ትልቅ፣ ቀይ ፊደል። ስመርጠው በጣም የሚያስቅ መስሎኝ ነበር።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ወንድምዓለም፣

«ሐዘንተኛ» የምትለዋን ለአርታኢህ ተውለት፤ እኛ አንፈልጋትም። ሐዘናችንን ማንም አርሞ አይሰጠንም።

አሁን እኔም የደበቅኩህን ልናገር። አባባ ከመጀመሪያው ቀን ሰምተዋል። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መጽሔቱን ይዞ መጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበላቸው፤ ሁለተኛውን እሳቸው ደግምልኝ ብለውት ነው። «ለሷ እንዳትነግራት» አሉት። እኔ ለሳቸው እየደበቅኩ፣ እሳቸው ለኔ እየደበቁ፣ ሁለት ወር አንድ ገበታ ላይ ስንተያይ ከረምን። ቤተ ሰብ ነን ለካ።

ጥያቄህን ይዤ ፊታቸው ተቀመጥኩ። የግድግዳውን ነገር ነገርኳቸው። ለኛ ብለው እንዳደረጉት እንደደረስኩበት፣ እንዳልሰከሩ፣ እንዳልተሳሳቱ፣ ሁሉንም ደረደርኩት። አባባ ሰምተው ሲያበቁ «ተሳስቻለሁ እንጂ» አሉኝ። እኔ ሽንጤን ገትሬ ስሟገት ደንበኛዬ ተነስቶ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ተናደድኩ። እንዴት ይላሉ፣ ቁጥሩ እኮ ግድግዳው ላይ አለ አልኳቸው። «ሰኞ ተሳስቻለሁ» አሉ። «ቀሪውን አምስት ቀን አልተሳሳትኩም።»

ከዚህ በኋላ ያለውን እንደነገሩኝ ልጻፍልህ። ሰኞ ዕለት ማሽኑ አጠገብ ቆመዋል። ከታች የትኬት መስኮቱ ሲከፈት ድምፁ ይሰማቸዋል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ግን የባለ አዳራሹ ምራት ናት። ሁለተኛው ጥቅል ሊያልቅ ሲል በሌላው ማሽን ላይ ቀጣዩን ጥቅል መጫን አለባቸው፤ ሦስተኛውን ያነሱ መስሏቸው የአራተኛውን ጥቅል ቆርቆሮ አነሱ። የነቁት ሴትየዋ ስትሞት ነው። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሦስተኛውን አስከተሉ። የሞተችው በር ከፍታ ስትገባ አፈርኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ አሉ። ማሽኑን ሊያጠፉት እጃቸውን ሰደዱ። ከማጥፋታቸው በፊት ግን በትንሿ ቀዳዳ ወደ ታች አዩ።

አንተ ወንበሩ ላይ ቆመህ ነበር። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈስክም ነበር፤ ውኃ ስትፈልግ እንኳ በጣትህ ታሳይ ነበር። ወንበሩ ላይ ቆመህ፣ እጅህን ወደ መጋረጃው ዘርግተህ «መጣች!» አልክ። ከዚያ ሴትየዋ ብርቱካኑን ልጣጩን ሳትበጥስ፣ እንደ ጥብጣብ አስረዝማ ስትልጠው ሳቅክ። እማዬ በመስኮቷ ውስጥ እንዴት እንደምትልጥልን ታውቃለህ። አባባ እጃቸውን ከማሽኑ ላይ አነሱ።

ማክሰኞ ሆን ብለው አደረጉት። ረቡዕ ባለ አዳራሹ ጠርቶ አስጠነቀቃቸው። ሐሙስ ልጣጭ ተወረወረባቸው። ዓርብ ሌላ ሰው ማሽን ክፍሉ ሊገባ ሲል በሩን ከውስጥ ቆልፈው አጫወቱ። ቅዳሜ መድረክ ላይ አወጧቸው። ባለ አዳራሹ በጆሯቸው «ሰክሬ ነው በል፣ ሥራህ ላይ ትቆያለህ፤ የሰካራም ጥፋት ይቅር ይባላል» አላቸው። አባባ ያን ጊዜ ነው «አልሰከርኩም» ያሉት። ማስተባበላቸው አልነበረም፣ ወንድሜ። እምቢታ ነበር። ሥራቸውን ያሳጣቸው ቃል ይቺ ናት፤ አንተም የሳቅክባት ይቺ ናት።

ለምን ዝም አሉ ብለሃል። ጠየቅኳቸው። «ያንን ሳምንት እሱ የሚያስታውሰው መስሎኝ ነበር» አሉ። «መጣች ያለው እሱ ነው፤ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

እኔም አንድ አለብኝ። አንተ ወንበር ላይ ስትቆም ሰው ሲዞር አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ የሐዘን ልብስ ለብሼ ነበር። ጭንህን ቆንጥጬ አስቀመጥኩህ፤ ዝም በል አልኩህ። በየቀኑ ቆነጠጥኩህ። ምናልባት ያስረሳሁህ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ይቅር በለኝ።

ትናንት ተመልሼ ማሽን ክፍሉ ወጣሁ። ሰኞ ጎን ያለችውን ቃል በቅንድብ ብሩሽ ቀስ ብዬ አራገፍኳት። እርጥበት አልበላትም። «ተሳስቻለሁ» ትላለች፤ በእርሳስ ተሰርዛለች።

የመጽሐፉን ስም ነገርኳቸው። ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። መልእክታቸው ይኸውና ቃል በቃል፦ «ምዕራፉን አውጣ አትበይው። ስሙንም አይቀይር፣ እውነት ነው። ሰኞን ተሳሳተ ይበል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ግን የኔ ነው ይበል። ያን ጊዜም ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ አሁንም አልጠይቅም።»

እታለምህ


ጥር 15

እታለም፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሃያ ቀን ሊሆነው ነው። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። መልስ ከመስጠቴ በፊት የማየው ነገር ነበረኝ።

እንደምን ከረማችሁ? የአባባ ሳል እንዴት ሆነ? ተረከዙ የወለቀውን ጫማሽን አሠራሽው?

ፊልሙን አገኘሁት። የምናስተምርበት ቤት የድሮ ፊልም ማስቀመጫ ክፍል አለው፤ ጠባቂዋ አሮጊት ናት፣ ካታሎግ ውስጥ የሌለውን በእጇ ታውቃለች። ቢጫ ካፖርት የለበሰች ሴት፣ ብርቱካን የምትልጥ፣ ብዬ ነገርኳት። አምስቱን ቆርቆሮ አቧራቸውን ጠርጋ አመጣችልኝ። እስከ ዛሬ ስለዚህ ፊልም ስጽፍ፣ ስናገር፣ ሳስቅ ኖሬ በተራው አይቼው አላውቅም ነበር፤ ተራውን የነገረኝ ሰው ነው። ሰኞ በአሥር ሰዓት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሴትየዋ በሦስተኛው መጣች። ካፖርቷን ሰቀለች። ብርቱካኑን ላጠች፤ ልጣጩ አልተበጠሰም። በአራተኛው ታመመች፣ ሞተች። በአምስተኛው ልጆቹ ባቡር ላይ ሆነው በመስኮት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ለማን እንደሚያውለበልቡ አይታይም። በዚህ ተራ ለማንም ነው፤ ለባዶ ጣቢያ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ለእናታቸው ሲያውለበልቡ ነው የማውቀው፤ እሷም ከመጋረጃው ውጪ ቆማ፣ ካፖርቷን ለብሳ። አባባ ያን መጨረሻ ነው የሰጡን።

በትክክለኛው ተራ አየሁት፣ እታለም። ስህተት ነው።

«መጣች» ማለቴን አላስታወስኩም፤ አልዋሽሽም። ወንበሩ ላይ መቆሜን ግን እግሬ አስታወሰው። ጭኔንም አስታወስኩ፣ ስለዚህ ቁንጥጫሽ ለከንቱ አልሄደም። ይቅር ብዬሻለሁ። እኔ ደግሞ ሰው ያሳቅኩበትን ነገር ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ባለ አዳራሹ ያን ቀን በሐሰት የተናገረውን እኔ በጥሩ አማርኛ አሳምሬ ጻፍኩለት። አፍሬያለሁ፤ አባባን ይህን ቃል በቃል ንገሪያቸው።

በማግስቱ ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ሰኞን ስህተት ብዬ፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብንና ቅዳሜን የሳቸው ብዬ። ይዤ አርታኢው ቢሮ ገባሁ። ማተሚያ ቤቱ አምስት ቀን ቀርቶታል፣ ገጹ ተሠርቷል፣ አንባቢ ሰካራሙን ወዶታል፣ አንተ አሁን የምታመጣው ታሪክ ደግሞ አያስቅም አለኝ። አይሳቅበትማ፣ እንደ ድሮው የሚታተም ከሆነ ስሜን ከሽፋኑ ላይ ፍቃችሁ አትሙት አልኩት። ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችን። እሱ ወደ ፊቴ ቀረብ አለ፣ ከልቡ አዝኖልኝ፣ «ወንድሜ፣ ጠጥተህ ነው እንዴ?» አለኝ።

ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ።

መጽሐፉ ጥር ሃያ ማተሚያ ቤት አይገባም። እነሱ ዘንድ ይወጣ አይወጣ ገና አልታወቀም። እነሱ ካላተሙት ሌላ አሳታሚ አለ፤ ሌላም ከሌለ ከማሽኑ ጀርባ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። አሮጊቷ ፊልሙን ለአንድ ወር አውሳኛለች፤ ቲኬቴን ቆርጫለሁ፤ በየካቲት መጀመሪያ እመጣለሁ። አባባ ይቀበሉኛል?

ወንድምሽ


ጥር 28

ወንድምዓለም፣

በጎ ነን፤ አንተ እንዴት አለህ? ዛሬ ሰላምታው ሙሉ ነው፤ ከነጎረቤቱ፣ ከነደንበኞቼ።

ደብዳቤህን ለአባባ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። አርታኢው ጋ ስደርስ «እስቲ እሷን ድገሚያት» አሉኝ፤ ደገምኩ። ከወረቀቱ ቀና ብዬ አየኋቸው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አለየሁም። ኋላ «የኔ ልጅ ነው» አሉና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ይቀበሉኛል ወይ ላልከው መልሱ ይኸው ነው።

ፊልሙን እናሳይበት ብዬ ብጠይቀው የባለ አዳራሹ ልጅ አዳራሹን አልሰጥም አለ። ጠርሙሴ ይሰበራል፣ አሮጌ ማሽን እሳት ያስነሳል፣ አባትሽ ድሮም እዚህ ቤት ውስጥ ያደረጉት ይታወቃል አለኝ። ከራሱ የጠርሙስ ሣጥኖች አንዱን ባዶውን አወጣሁ፣ በሩ ላይ ገለበጥኩት፣ ተቀመጥኩበት። የጠርሙስ መኪናው መግባት አልቻለም። ጥሩንባ ነፋ። ደንበኞቼ ካስክ ለብሰው ወጥተው አዩኝ፤ ካስክ ለብሶ መውጣት እንደማይቻል አውቃለሁ፣ ፀጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ወጡ ልበል። ያን ቀን ጽሑፍህን ጮኻ ያነበበችው ደንበኛዬ ሌላ ሣጥን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ወደ ስምንት ሰዓት ላይ «እሺ፣ አንድ ቀን ብቻ» አለ። ምሳዬን እዚያው በላሁ።

አባባ ከዚያ ወዲህ ማሽን ክፍሉን አልለቀቁም። ደረጃውን እኔና ልብስ ሰፊው ይዘን እናወጣቸዋለን። በአንዱ ማሽን ብሎን ለሌላው እየሰጡ፣ ዘይት እየቀቡ፣ በጣታቸው ያያሉ። መብራት ሰጥተናቸው አንዱ ማሽን ትናንት ዞረ። ቆርቆሮዎቹን በጣታቸው እንዲለዩዋቸው ክዳኑ ላይ የሆነ ነገር ለጥፍበት፤ የሰው ንብረት ነውና በምስማር እንዳትወቅረው። ማጣበቂያ አታምጣ፣ እኔ ዘንድ አለ። ብርቱካን ግን እዚህ ዘንድሮ አላማረም፣ መንገድ ላይ ጥሩ ካገኘህ ያዝልን።

ትናንት ሲጨርሱ እርሳስ ስጪኝ አሉኝ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አስቀምጬ ቦታውን አሳየኋቸው። ከስድስቱ መስመር ሥር ሰባተኛውን ራሳቸው ጻፉት፦ 1፣ 2፣ 4፣ 3፣ 5። ትንሽ ይጎብጣል። ቀኑን ባዶ ትተውታል፤ አንተ መጥተህ እንድትሞላው።

እታለምህ